በሃምሳው የተበላው እንቁላል

ሚኒባሱ ከደብረ ወርቅ ወጥቶ ወደ ቢቸና እየተንገጫገጨ ሲወርድ መሪጌታ ድረስ ግራ እጁን ከጋቢው ሥር አስገብቶ ሆዱን ደግፎ ይዟል። የተኛ ሕፃን ያቀፈ ሰው ይመስላል። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጎማው ከመግባቱ በፊት እሱ ቀድሞ ትንፋሹን ይይዛል፤ ጎማው ሲወጣ እሱም ይተነፍሳል። አሥራ ስምንት ሰው በታጨቀበት መኪና ውስጥ ይህን ልብ ያለ አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ዕቃ አቅፏል።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት፣ ወርሃ ግንቦት ነው። ያ ዓመት መንገድ እንደ ጓሮ በር የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ዓመት ነበር። ማን ዘጋው፣ ማን ከፈተው ብሎ የሚጠይቅ አልቀረም፤ ሰው የሚጠይቀው «ዛሬ መኪና አለ?» ብቻ ነው። አለ ከተባለ ሊጡን ቡሃቃ ውስጥ ትቶ ይሮጣል። በዚያ ረቡዕ ጠዋት ደብረ ወርቅ የቆመችው መኪና አንዲት ነበረች። ሾፌሩ አምሳሉ መሪውን ከመጨበጡ በፊት ሦስቴ አማተበና፣ «ጎበዝ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ የማርቆስ ኬላ አያስገባም። መንገድ ላይ ‹አቁምልኝ› የሚለኝ ሰው ካለ ከአሁኑ ይውረድ» አለ።

ከመካከላቸው ‹አቁምልኝ› የሚያሰኝ ነገር እንደ ድረስ ያለበት ሰው አልነበረም። ዝም ብሎ ተሳፈረ።

ከጋቢው ሥር፣ ከሸሚዙም ሥር፣ ከእምብርቱ በስተግራ የአንጀቱ ጫፍ ሆዱ ላይ ወጥቷል፤ ቀይና እርጥብ፣ እንደ ሕፃን ከንፈር። በላዩ ከረጢት ተለጥፎበታል። ከሰው ሁሉ በታች የሚወጣው ከእሱ በጎን ይወጣል፤ ሲመጣ አይነግረውም፣ ሲወጣም አያስፈቅደውም። ባለፈው ዓመት የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ መቋሚያውን ይዞ ማኅሌት እየመራ ሳለ አንጀቱ ተጠማዘዘና ወደቀ። መጀመሪያ በቃሬዛ፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ማርቆስ አደረሱት። ሐኪሞቹ የበሰበሰውን ቆርጠው የቀረውን በሆዱ በኩል አወጡና «ጊዜያዊ ነው፤ ከጥቂት ወር በኋላ መልሰን እናገጥመዋለን» አሉት።

ጥቂቱ ወር አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። የመጀመሪያው ቀጠሮ በወረፋ ተላለፈ። በሁለተኛው መንገድ ተዘጋ። በሦስተኛውም ተዘጋ። አራተኛው ነገ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት፤ ለዚህ ሥራ የመጣው እንግዳ ሐኪም የሚቆየው ደግሞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው።

በደብሩ ይህን ጉድ የሚያውቅ የለም። «ወገቤን ነው የታከምኩት፤ ቀበቶ አስረውልኛል» ብሏቸዋል። ከሚስቱ ከወለተ ሚካኤል በቀር ለማንም አልተነፈሰም፤ ለንስሐ አባቱ እንኳ አልነገረም። ያልነገረውም መልሱን ፈርቶ ነው። ከሰውነቱ የሚፈስስበት ሰው ቅኔ ማኅሌት ይቁም ወይስ አይቁም ብሎ ከጠየቀ፣ ‹አይቁም› የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ካልጠየቀ ግን ይቆማል። እናም ቆመ። ጋቢውን ደርቦ፣ ነጠላውን በላዩ አጣፍቶ፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር በአንድ ጆሮው ዜማውን፣ በሌላው ሆዱን እየሰማ ቆመ። ነገ ከተገጠመለት ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ያበቃል። ከዚች መኪና የፈለገው ይህችኑ ነው፤ ሳይታወቅ መድረስ።

ከረጢቱም ቢሆን የመጨረሻው ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው መንገዱ ሲዘጋ አብሮ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ወለተ ሚካኤል ፌስታል በጨርቅ ቀለበት ላይ እየሰፋች፣ በመቀነት እያሰረች፣ እያጠበች አኖረችው። አንዷን ደህና ከረጢት ግን «ለመንገድህ» ብላ ከሣጥን ሥር ደብቃ አቆይታለት ነበር። ዛሬ ጠዋት ስትለጥፍለት ጠርዙን በጣቷ ደጋግማ ተጫነችው። ማጣበቂያው በመቆየት ብዛት ደርቋል። «እህል አትቅመስ፤ እስክትደርስ ብቻ» አለችው። እሱም ከትናንት ቀትር ጀምሮ አልቀመሰም። ሲያስበው ያበግነዋል። ዕድሜውን ሙሉ የጾመው ለእግዚአብሔር ነበር፤ ይህኛው ጾም የተጾመው ለፕላስቲክ ነው።

ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ባይኖር ይህም ባልከፋ። ቀኝ ጌታ ይስማው ይባላል። በዚያው ደብር ከድረስ ቀጥሎ በቀኝ የሚቆመው እሱ ነው፤ ለሀገረ ስብከት ደብዳቤ ሊያደርስ ተላከና አብሮ ተሳፈረ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ያየውን ሳይናገር ማደር አይችልም፤ የተናገረውን ደግሞ በማግስቱ አገሩ ሁሉ ይናገረዋል።

ቢቸና ላይ አምሳሉ ነዳጅ ሊፈልግ ቆመ። ይስማው ወርዶ የተቀቀለ እንቁላል በወረቀት ጠቅልሎ መጣና በመስኮት አቀበለ።

«መሪጌታ፣ እንኩ ይበሉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አልራበኝም።»

«ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አላሉም። እያየሁ እኮ ነው።»

«መንገድ ላይ አይሆንልኝም።»

ይስማው የመስኮቱን ጠርዝ ይዞ ፈገግ አለ። ቀልድ ሊያመጣ ሲል የሚያመጣት ፈገግታ አለችው።

«ወይስ እየጾሙ ነው? ረቡዕ ነው ብለው?» ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፁ መኪናዋን ሞላት። «በሃምሳው? ኧረ በሚካኤል! ጌታ ተነሥቶልን፣ ሃምሳ ቀን ብሉ ተብለን፣ ረቡዕ ዓርቡ ተሽሮልን፣ መሪጌታችን ይጹሙ? ተማሪ ቢጾም እርስዎ አይደሉ እንዴ ‹ከማን ተማርከው› የሚሉት?»

ሰው ሳቀ። ረዳቱ ታረቀኝ፣ ራሰ በራ፣ ከሾፌሩ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው፣ «የኔታ፣ እኛን ኃጢአተኞቹን ትተውን ሊጸድቁ ነው እንዴ?» አለ። ከፊተኛው ወንበር ቅቤ ነጋዴዋ፣ የብርጓል የምትባለው፣ ጀሪካኗን በጉልበቷ መካከል እንዳጣበቀች ዞራ አየችው። ሁሉም አየው። በትንሣኤና በጰራቅሊጦስ መካከል የሚጾም ሰው ወይ ሥርዓት አያውቅም፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። መሪጌታ ደግሞ ሥርዓት አያውቅም አይባልም።

ድረስ እንቁላሉን ተቀበለ። ላጠው። ይስማው እያየው በላው። ሁለተኛውንም ሰጠው፤ ሁለተኛውንም በላው። በይስማው አልነበረም የተናደደው፤ ይስማው ልክ ነው፣ በጽሑፍም በትርጓሜም ልክ ነው። የተናደደው «ታምሜአለሁ» የምትል አንዲት ቃል ጉሮሮው ውስጥ እንደ አጥንት ተሰንቅራ እንቁላሉ ግን በዚያው ጉሮሮ በመውረዱ ነው።

ይህን ጊዜ ነው አንዲት ሴት ማዳበሪያ ተሸክማ የተሳፈረችው። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ እጇ እስከ ክርኗ እንደ ወይራ እንጨት ቡናማ ነው። ከኋላ ወንበር ጥግ፣ ከድረስ አጠገብ፣ አንድ ተሳፋሪ በወረደበት ቦታ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። «እንደምን ዋሉ፣ አባቴ» አለችው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አላት። ማዳበሪያዋን እግሯ ሥር አደረገች። መኪናዋ ተነሣች።

የበላው ራሱ አይደለም የሚወጣው፤ መብላቱ የተኛውን ይቀሰቅሳል። ሐኪም ይህን ነግሮት ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ሲገላበጥ ተሰማው፤ ከዚያ ከእጁ መዳፍ ሥር ከረጢቱ ሞቅ አለ። ቀስ እያለ ተነፋ። ጋቢውን አጠበቀ። መኪናዋ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ገብታ ስትወጣ፣ የደረቀው ማጣበቂያ ከላይ በኩል ጠርዙን ለቀቀ። ድምፅ አልነበረውም። ሽታው ብቻ ወጣ።

መጀመሪያ አጠገቡ ያለችው ሴት መስኮቱን ልትከፍት እጇን ሰደደች።

«ዝጊው!» አለች የብርጓል ሳትዞር። «በላብ ላይ ነፋስ ልታስመቺን ነው? ምች ይመታናል!»

«ትንሽ አየር...»

«ዝጊው ተብለሻል!» አለ ሌላ ሰው። ተዘጋ። የግንቦት ፀሐይ ጣሪያውን እየጋገረው ነው፤ አሥራ ስምንት ሰው ነፋስ ፈርቶ ተዘግቶበታል።

«ኧረ ምንድነው የሚሸተው?» አለ አንዱ።

«እኔም ሸትቶኝ ዝም ብዬ ነው።»

«የሞተ ነገር አለ። ታረቀኝ፣ ከወንበሩ ሥር እይ እስቲ።»

ታረቀኝ ጎንበስ ብሎ አየ። «እዚህ ምንም የለም። ከኋላ ነው።»

የድረስ ደም ከእግሩ ጣት ተነሥቶ ጆሮው ላይ ደረሰ። አሁን ‹አንተ ነህ› ይሉኛል አለ በልቡ። አሁን ይስማው ይዞራል። የብርጓል ግን ቀድማ ዞራ፣ ዓይኗን ከእሱ ላይ አሻግራ ከሴትዮዋ እጅ ላይ አሳረፈችው።

«አንቺ፣ ማዳበሪያው ውስጥ ምንድነው?»

«ዕቃ ነው።»

«ምን ዕቃ?»

«የራሴ ዕቃ።»

«ቆዳ ነው አትይም? ምን ታድበሰብሻለሽ! ቢቸና ገበያ አውቅሽ የለ፤ ጥሩብርሃን አይደለሽ? ከወንዙ ማዶ ካሉት ቆዳ ፋቂዎች!»

መኪናዋ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንፈስ ያለ መሰለ፤ የሽታው ምክንያት ተገኘ። አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከሽታው ሳይሆን ከሴትዮዋ ዓይን። ድረስ ይህንን አየ። እሱም ተንፈስ ካሉት አንዱ ነበር። ይህን በኋላ ሲያስታውሰው ጥርሱን ያፋጫል፤ በዚያች ቅጽበት ደስ ብሎት ነበር።

«ፍቺው!» አሉ። ጥሩብርሃን አልነካውም። ይስማው ተንጠራርቶ የማዳበሪያውን ገመድ ፈታና እጁን አስገባ። ያወጣው ነገር የቆዳ ከረጢት ነበር፤ አዲስ፣ ማዕዘኑ የተሰፋ፣ በላዩ መስቀል የታተመበት። አገላበጠው። ሌላም አወጣ። አራት ናቸው።

«ማኅደር ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የድጓ ማኅደር።»

«ለደብር የታዘዘ ነው» አለች ጥሩብርሃን። «ለደብረ ማርቆስ። መጽሐፍ የሚገባበት ነው። በደንብ የለፋ ቆዳ እንዲህ አይሸትም፤ አሽትቱት እስቲ! አፍንጫ አላችሁ አይደል? አሽትቱት!»

ያሸተተ የለም።

«ቆዳ ቆዳ ነው» አለች የብርጓል።

ይስማው ማኅደሮቹን አንድ በአንድ ወደ ማዳበሪያው መለሳቸው። ከዚያ እጁን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ጣት በጣት ጠረገ። ድረስ የነዚያን ጣቶች መጽሐፍ አያያዝ ያውቃል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ማኅደር ሲከፍቱና ሲዘጉ ያውቃቸዋል።

አምሳሉ መኪናዋን ዳር አስያዘ። ከዳር እስከ ዳር የታረሰ ሜዳ ነው፤ ዛፍ እንኳ የለም። «እናቴ፣ ውረጂልኝ እባክሽ። ሰው ሊያስመልሰው ነው። ሌላ መኪና ይመጣል።»

«ከየት ነው የሚመጣው?» አለች።

የሚመጣ መኪና እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ታረቀኝ የከፈለችውን መለሰላትና ማዳበሪያዋን አወረደው። እሷ ግን እግሯን ከማንሣቷ በፊት ወደ ድረስ ዞረች። ጥምጣሙን አየች፣ ጋቢውን አየች።

«አባቴ፣ እርስዎ አጠገቤ ነበሩ። እኔ ነኝ የምሸተው?»

ከመዳፉ ሥር ከረጢቱ እንደገና ሞቀ።

«እኔ...» አለ ድረስ፤ «እኔን ጉንፋን ይዞኛል። አፍንጫዬ አይሰማም።»

ዶሮ አልጮኸም። የጮኸው የአምሳሉ ጥሩምባ ነው። ጥሩብርሃን ወረደች፤ በሩ ተዘጋ፤ መኪናዋ ሄደች። በኋለኛው መስታወት በኩል ሴትዮዋ ማዳበሪያዋን ተደግፋ ስታንስ፣ ስታንስ፣ አንድ ጉቶ ስታክል አያት።

ጥቂት ሄዱ። ከዚያ ከፊት፣ «ኧረ አሁንም ይሸታል!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«እውነትም!»

ድረስ ዓይኑን ጨፈነ። አሁንስ አበቃ አለ።

«ሽታዋን ትታልን ወረደቻ!» አለች የብርጓል። «የነሱ እንዲህ ነው። በተቀመጡበት ይቀራል።»

«ወንበሩን በአመድ ነው ማሸት» አለ ሌላው።

«የኔታ፣ እርስዎ ምስኪን፣ አጠገቧ ተቀምጠው...» አለ ታረቀኝ በርኅራኄ። «ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፣ እንዳይለክፍዎት።»

ያቺ ርኅራኄ ናት ድረስን የቆረጠችው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሲጠራቀም የኖረ ንዴት ከሆዱ ተነሣ፤ በሕመሙ ላይ፣ በመንገዱ ላይ፣ በዚያች ‹ታምሜአለሁ› በምትል ቃል ላይ፣ ከሁሉ በላይ በራሱ ምላስ ላይ። ሴትዮዋ የለችም፤ ሽታው አለ፤ ሽታው እያለ ጥፋቱ አሁንም የእሷ ነው! እሷ ብትሞት እንኳ የእሷ ነው!

«አቁም!» አለ።

«የኔታ፣ ሰዓቱ...»

«አቁም አልኩህ!» ማኅሌት የሚመራ ድምፅ ነው፤ አምሳሉ ሳያስበው ፍሬኑን ረገጠ። ድረስ በዝቅተኛው ጣሪያ ሥር ጎብጦ ተነሣ። ጋቢውን ከላዩ ጣለ። ሸሚዙን እስከ ደረቱ ሰበሰበው።

ከረጢቱ ተነፍቶ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል፤ የለቀቀው ጠርዝ እርጥብ ነው። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። የብርጓል አማተበች። ይስማው አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«አያችሁ? ይኸውላችሁ! ሽታው የኔ ነው። ከቢቸና ጀምሮ የኔ ነው። አንጀቴ ተቆርጦ በዚህ ወጥቶ ነው። ወገቤ አይደለም፣ ይስማው፤ ዋሽቻችኋለሁ። እናንተ ግን ምን ሆናችሁ ነው? ሴትዮዋን አውርዳችሁ፣ ሽታው አልወርድ ሲላችሁ እንኳ ‹ትታው ሄደች› ትላላችሁ? አንቺ፣ የብርጓል፣ ጀሪካንሽ ውስጥ ያለው ቅቤ ስንት ወሩ ነው? እሱን ማን አሸተተብሽ? አምሳሉ፣ መኪናህን አዙር!»

አምሳሉ መሪውን እንደያዘ ቀረ። «የኔታ፣ እግዜር ይማርዎት፤ አላወቅንም። ግን ሦስት ኪሎ ሜትር አልፈናታል። ነዳጁም ልክ ነው። ኬላው ከተዘጋብን እርስዎም ሐኪሙን ያጣሉ።»

ይህ እውነት ነው። ድረስ ይህን ያውቃል፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ፊቱ ላይ ተደቅኗል። ይህን በማወቁ ይበልጥ ነደደ።

«በቅዱስ ሚካኤል ስም ገዝቻለሁ!» አለ። «ይህች መኪና ያቺን ሴት ሳትጭን ወደፊት አንድ ክንድ ብትሄድ ግዝት ናት! የሾፈራትም፣ የተሳፈራትም!»

ግዝት ቀልድ አይደለም። ድረስ ግን ቄስ አይደለም፤ መሪጌታ ዜማ ይመራል እንጂ የመገዘት ሥልጣን የለውም። ይህን በዚያ መኪና ውስጥ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ራሱ ነው። ሁለተኛው ይስማው ነው። ድረስ ይስማውን አየው። ይስማው አፉን ገጥሞ እግሩን እግሩን ያይ ጀመር።

አምሳሉ አማተበና መኪናዋን አዞረ።

ጥሩብርሃን በተዉአት ቦታ አልነበረችም። ማዳበሪያውን በጀርባዋ አዝላ ወደ ቢቸና መንገድ ጀምራለች። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ወደ ዳር ወጣች እንጂ አልቆመችም። አምሳሉ አልፏት ቆመ። ድረስ ቀድሞ ወረደ፤ ጋቢውን ሳይለብስ፣ ሸሚዙን በእጁ ይዞ።

«እመቤቴ፣ ሽታው የኔ ነበር። ይኸው።»

አየችው። ቸኩላ አላየችውም፤ ቆዳ እንደሚገዛ ሰው አየችው፣ ቁስሉንም፣ ከረጢቱንም፣ ፊቱንም።

«ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?» ‹እርስዎ› ቀርቶ ነበር።

«አውቅ ነበር።»

«ስወርድስ?»

«እያየሁሽ ነው የወረድሽው።»

«እነሱስ አላወቁም። እነሱ ደንቆሮ ናቸው።» ድምፅዋን አልጨመረችም። «አንተ ግን አውቀህ! ጥምጣም ጠምጥመህ! ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግሁትን ተብያለሁ፤ ያደረገው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲሰማ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ይቅር በይኝ» አለ ድረስ።

«አልልም። ዛሬ አልልም።»

«ደግ።»

«የምሳፈረው ማኅደሩን ለነገ ተስፋ ስለሰጠሁ ነው። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ።» አለፈችውና አንድ እግሯን መኪናው ላይ አድርጋ ቆመች። እንደገና ከረጢቱን አየች። «በምንድነው ያሰርከው?»

«ይለጠፍ ነበር። ማጣበቂያው ደርቆ ነው። መቀነትም ሚስቴ...»

«ጨርቅ ይሸሻል።» ማዳበሪያዋን አውርዳ ፈታችና አንድ ለስላሳ ጠፍር መዝዛ ወረወረችለት። ለአራተኛው ማኅደር ማንገቻ የተሠራ ነበር። «ይኼ አይሸሽም። ሂድ፣ ከዚያ ካብ ጀርባ አራግፈህ እሰር። ቶሎ በል፤ ሰው አታስቁም።»

ከመንገዱ ዳር ካለችው የድንጋይ ካብ ጀርባ ሄዶ አራገፈ፤ ወለተ ሚካኤል በላስቲክ ባስያዘችለት ውኃ ታጠበ፤ ጠፍሩን በወገቡ አዙሮ ከረጢቱን ጠርዝ ለጠርዝ አጠበቀው። ሲመለስ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ጥሩብርሃን ጥጓን ይዛለች። መስኮቱን እስከ ግማሽ ከፍታዋለች። ነፋሱ እየገባ የሰውን ነጠላ ያውለበልባል፤ ዝጊው ያላት የለም። የብርጓል ጆሮዋን በሻሿ ሸፍናለች።

አምሳሉ መኪናዋን አከነፋት። ዋናው አስፋልት ላይ ሲወጡ ይስማው ወደ ኋላ ዘንበል አለ።

«መሪጌታ፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ የወደቁት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ያን ሁሉ ማኅሌት... በዚህ ቆመው?»

«በዚህ ቆሜ።»

ይስማው ነጠላውን አስተካከለ። «ግዝቱ ልክ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ለሱ ንስሐ እገባለታለሁ።»

«እኔም ያን ጊዜ አውቄ ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ልናገር ብዬ አይደለም፤ ግን ሰበካ ጉባኤው ይጠይቀኛል። ይህ ሁሉ ሰው ያየው ነገር አይቀርም። ቅኔ ማኅሌት መቆምዎን...»

«ንገራቸው» አለ ድረስ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «አንዱንም ሳታስቀር ንገራቸው። ማኅደሩን ነክተህ እጅህን በነጠላህ የጠረግከውንም አብረህ ንገራቸው። ከዚያ ማን ይቁም፣ ማን ይውጣ ይባባሉ።»

ይስማው ወደ ፊቱ ዞረ። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያቸው ጀመር።

ኬላው የደረሱት ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ገመዱ ገና አልተወጠረም። አንድ ጠባቂ መታወቂያ እየሰበሰበ መጣ፤ በበሩ አንገቱን ሲያስገባ ፊቱ ተኮማተረ።

«ይኼ ሽታ ምንድነው? ምን ጭናችኋል?»

የብርጓል አንገቷን አዞረች። ታረቀኝም አዞረ። እነዚያ ሁሉ፣ በዓይናቸው ያዩት፣ በጆሯቸው የሰሙት፣ ግዝት ፈርተው የተመለሱት፣ ልማድ እንደ ገመድ ጎትቷቸው ወደ ኋላ ጥግ፣ ወደ ጥሩብርሃን ዞሩ። የይስማው አንገት ብቻ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ጠባቂው የሰዉን ዓይን ተከትሎ ማዳበሪያውን አየና እጁን ሰደደ።

«ወደዚህ!» አለ ድረስ። ጋቢውን ገለጠ። «ወደዚህ ተመልከት። እኔ ነኝ የምሸተው። ታምሜ ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው። የሷን ዕቃ ተወው።»

ጠባቂው እጁን መለሰ።

ጥሩብርሃን ዞራ አላየችውም። መስኮቱን ግን ገፋ አድርጋ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።